በሌንሱ ቀለበት ላይ ያለው ስም

ሕልሙን ያየሁት ትናንት ነው፤ ለዚያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋ ላይ ጋደም ባልኩበት። ተናድጄ ነበር የተኛሁት። ሌላው ሰው ሲናደድ እንቅልፍ ያጣል፤ እኔ ስናደድ እንቅልፌ ይመጣል። ስለዚህ ብዙ እተኛለሁ።

ያናደደችኝ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ሜክሲኮ አካባቢ ፎቶ ቤት አላት። ባለፈው ወር ዶክተር ጸዳሉን ለመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ያነሳችው እሷ ናት፤ ሌንሱን ያዋስኳት እኔ ነኝ። መጽሐፉ የዶክተሩ የሕይወት ታሪክ ነው። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው የእሱ ስም ነው። «የአንተም ስም መጽሐፉ ላይ ይወጣል፣ ቃሌ ነው» ብሎኛል። እኔም ያችን አንዲት መስመር ስጠብቅ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ።

ትናንት ጠዋት ሌንሴን ልወስድ ስሄድ ትርንጎ በእጇ እያገላበጠች፣ «ጋሽ አየናቸው፣ ይኼን እኮ ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ድርጅት አልሠራውም» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ሠራው?»

«እኔ እንጃ። አንዱ ይነድፋል፣ ሌላው መስታወቱን ያቀልጣል፣ ሌላው ይገጥመዋል፣ እነሱ ስማቸውን ይለጥፉበታል። ሁሉም ባይሆን ብዙው እንደዚያ ነው።»

የድርጅቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ፎቶ አንሺዎች ሲጠሩት ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉለት ስም ነው ማለት ይበቃል። ስም ማለት ሠሪ ማለት ነው፣ ስሙን ያኖረ ሥራውን ሠርቷል፣ እያልኩ ግማሽ ሰዓት ተከራከርኳት። ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሁለት ደንበኞች ጥለው ወጡ።

«እሺ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ካሉ።»

ይቺ «እርስዎ ካሉ» ናት ያስተኛችኝ።

ራሴን ያገኘሁት አንድ ትልቅ በር ፊት ነው። ከበሩ በላይ «ጉምሩክ» ተብሎ ተጽፏል። እዚያ ግን የሚፈተሸው ሰው ነበር፤ ፈታሹ ዕቃው ነው። ሻንጣዎች ሰዎቹን በዚፕ እየከፈቱ ውስጣቸውን ይበረብራሉ። አንድ አሮጌ ቦርሳ የአንዲትን ሴትዮ ደረት ከፍቶ አየና፣ «ይኼ ሁሉ ቂም ለግል መገልገያ ነው ወይስ ለንግድ?» አላት።

«ለቤት ነው» አለች።

አሳለፋት።

የእኔ ተራ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ጉሬዛ ነበር። ነጩን ጸጉሩን እንደ ዳኛ ካባ ትከሻው ላይ አስተካክሎ ሌንሴን ተቀበለኝና በእሱ ውስጥ አሻግሮ አየኝ።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«ማን ሠራው?»

ቀለበቱ ላይ ያለውን ስም አሳየሁት።

«ይኼ ማን እንደሸጠው ነው የሚናገረው። እኔ የጠየቅኩህ ማን እንደሠራው ነው። ሠሪው ያልታወቀ ዕቃ በእኛ አገር አይገባም።»

«የማንም ዝንጀሮ ተነስቶ...» ብዬ ስጀምር፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ሻንጣዎች በሙሉ ወደኔ ዞሩ።

«ዝንጀሮ የአጎቴ ልጅ ነው» አለ ጉሬዛው ሳይቆጣ። «በሩ ሳይዘጋ የሠሪውን ስም ፈልገህ አምጣ። እስከዚያ ስምህን አስይዝ።»

ስሜን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። እንዲህ ቀላል መሆኑን ግን እስከዚያች ደቂቃ አልጠረጠርኩም ነበር። ጉሬዛው በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መሳቢያው ጣለው።

«ካልተመለስክ እዚሁ ይቀራል።»

«በሩ በስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«ሲዘጋ።»

ሌንሴን ይዤ ሮጥኩ። መንገዱ ላይ ሱፍ የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ፣ ሽበቱ የሚያምር ሰውዬ ሱቅ በደረቴ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ማስቲካና ሶፍት በሚደረደርበት ቦታ የተደረደሩት ወርቃማ ስሞች ናቸው።

«ስም! ስም በየዓይነቱ! ለሌንስ፣ ለሰዓት፣ ለመድኃኒት፣ ለልጅ!»

ጠጋ ብዬ ሳይ የእኔ ሌንስ ስም መሀል ላይ ተቀምጧል። የታላቁ ድርጅት ባለቤት ይኼው ሰውዬ ነበር።

«እናንተ ናችሁ ይኼን የሠራችሁት?»

«እኛ የምንሠራው ስም ነው ጌታዬ። ስም ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ? መቶ ዓመት ይፈጃል። መስታወት በሦስት ወር ያልቃል።»

«ይኼ ማታለል ነው!»

«ሌንሱ ጥሩ አያሳይም?»

«ያሳያል።»

«ታዲያ የተታለለው የትኛው ነው? ዓይንህ ነው ወይስ አፍህ?»

መልስ ነበረኝ። ጥሩ መልስ ነበረኝ፤ ባለ ሦስት አንቀጽ። ነገር ግን ከማዶ ደንብ አስከባሪዎች ብቅ አሉና ሰውየውን ሲያዩ ዱላቸውን ጥለው መሸሽ ጀመሩ። «ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለኝና ሱቁን እንዳንጠለጠለ አባረራቸው። ጥጉ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «የፋብሪካውን ጭስ ተከተል!» ብሎ ጮኸልኝ።

ጭሱን ተከተልኩ። የፋብሪካው መግቢያ በጣሪያው በኩል ነው፤ ወደ ላይ ወጥቼ ወደ ታች ገባሁ። ውስጡ ሰፊ አዳራሽ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ክብ ክብ መስታወት በመዳፋቸው ያለሰልሳሉ። ግድግዳው ላይ ፕሮግራም ተለጥፏል። ሰኞ የአንዱን ድርጅት ሌንስ ይሠራሉ፣ ማክሰኞ የተቀናቃኙን፣ ረቡዕ የሁለቱንም። ሐሙስ ሁለቱ ድርጅቶች በማስታወቂያ የሚሰዳደቡበት ቀን ስለሆነ፣ ሠራተኛው እያነበበና እየሳቀ ያርፋል።

በሩ አጠገብ ወደ ተቀመጠችው ሴት ጎንበስ አልኩ። «ይኼን ማን ሠራው?»

ሌንሱን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። እንደ ድሮ ጎረቤት ሰላም ያለችው መሰለኝ።

«ከፊት ያለውን መስታወት እኔ ነኝ ያለሰለስኩት። ማለቴ፣ አንዱን ፊቱን።»

«ሌላውንስ?»

«ባለቤቴ ነው።»

«እንግዲያው የሁለታችሁንም ስም ንገሪኝ።»

«የእሱንማ አልጠራም» አለች ኮስተር ብላ። «ከተጣላን ሁለት ሳምንታችን ነው። ደግሞ እኛ እጅ ነን። ያሰበው ሰው እታች ነው ያለው።»

ወረድኩ። እታች አንድ ቀጭን ሰውዬ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ በእርሳስ መስመር ይስላል። ከፊቱ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ የብርሃን ጨረሮች ወረፋ ይዘው እንደ ሐኪም ቤት በሽተኛ ተቀምጠዋል። እሱም ቀና እያለ አንድ በአንድ ያዛቸዋል። «አንተ እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ግራ። አንቺ አትቸኩዪ። አንተ ቀዩ፣ ከሰማያዊው ጋር እኩል ድረስ እንጂ ምን ያንቀረፍፍሃል?»

ሌንሴን ሳሳየው እርሳሱን አስቀመጠ።

«ደህና ነው?» አለኝ። «ጥጉ ላይ ይደበዝዝብሃል?»

«አይደበዝዝም።»

«እዚያ ላይ አራት ወር ፈጅቶብኛል።»

እንደሚጣላ ሰው ሆኜ ነበር የወረድኩት። አሁን ግን ከመጣላት ይልቅ ማወቅ አማረኝ፤ ይኼ በሕይወቴ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ነው የገጠመኝ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ሰባት መስታወት ነው። የመጀመሪያው ይሳሳታል። ሁለተኛው የእሱን ስሕተት ያርማል፤ ሲያርም የራሱን ይጨምራል። ሦስተኛው ደግሞ ያንን ያርማል። ሰባተኛው ጋ ሲደርስ ስሕተቱ ሁሉ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ያልቅና፣ ሰው ‹ሲያምር! ጥርት ብሎ!› ይላል። ለብቻው ትክክል የሆነ መስታወት አንድም የለም።»

ሠላሳ ዓመት በየጋዜጣው የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ፣ ማረሚያዬም የራሱን ስሕተት ይዞ እንደሚሄድ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢኖርም በሚቀጥለው ሳምንት እትም ልክ አገባው ነበር።

«ታዲያ ስምህን ለምን አልጻፍክበትም?»

«ቀለበቱ ላይ ቦታ የለም ተባልኩ። የሚቀጥለው ላይ ይወጣል ብለውኛል። ቃላቸው ነው።»

ይቺን አረፍተ ነገር የሆነ ቦታ ሰምቻታለሁ።

«አንተስ?» አለኝ። «ሠርተህ ስምህን ያልጻፍክበት ነገር የለህም?»

«የለኝም» አልኩ።

ጨረሮቹ ከአግዳሚው ተነስተው አንድ በአንድ ወጡ። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«ሰው ሲዋሽ ይሄዳሉ» አለ ሰውየው። «ምን ላድርጋቸው፣ ቀጥ ያሉ ናቸው።»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ» አልኩ በጨለማው ውስጥ።

አንድ ጨረር ብቅ አለ።

«የማን?»

«የዶክተር ጸዳሉ ሕይወት። ልጅነቱን፣ እስራቱን፣ እናቱ የሞተች ቀን ያለቀሰውን ልቅሶ ሳይቀር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱማ ያን ቀን ስብሰባ ላይ ነበር።»

ጨረሮቹ ሁሉ ተመለሱ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ስሙን በጆሮዬ ነገረኝ። አጭርና የሚያምር ስም ነበር። እየደጋገምኩት ወደ በሩ ሮጥኩ።

መንገዴ በትርንጎ ፎቶ ቤት በኩል ነበር። በመስኮቱ አየሁ። ዶክተር ጸዳሉ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ፎቶው ግን አስቀድሞ ታጥቦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ትርንጎ እጇን አጣጥፋ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ሰውየውን ታያለች።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አልኳት ሳልቆም።

«እስኪመስለው ነው ጋሼ። ሠሪውን አገኙት?»

«አገኘሁት!»

«አየናቸው፣ አዋቂ ሰው እመስላለሁ?» አለ ዶክተሩ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ገና ነህ!» ብዬ አለፍኩ።

በሩ ሊዘጋ አንድ ክንድ ሲቀረው ደረስኩ። የሰውየውን ስም ለጉሬዛው ነገርኩት። እሱም ምላሱን አውጥቶ በጥንቃቄ ቀለበቱ ላይ ጻፈውና ሌንሱን አሳለፈው። ቦታ የለም የተባለው ውሸት ነው፤ ቦታ ነበረው፣ ተርፎም ነበር።

«ስሜን መልስ» አልኩ።

መሳቢያውን ከፈተ። ሌላውን መሳቢያ ከፈተ። ጭራውን አከከ።

«ስምህ ሥራ ላይ ነው።»

«ምን?»

«ቁጭ ብሎ ከሚውል ብለን ነው። አንድ ቦታ ክፍት ተገኘና እዚያ ለጠፍነው።»

«የት?» ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ ስመታ፣ ድምፁ የመጣው ከጠረጴዛው አልነበረም። የቤቴ በር ነበር የሚንኳኳው።

ተነስቼ ከፈትኩ። የዶክተር ጸዳሉ ሾፌር አቶ ቸርነት ቆሟል፤ በእጁ ገና ቀለሙ የሚሸት መጽሐፍ ይዟል። በሕልሜ የሰማሁትን የሠሪውን ስም፣ ያን አጭሩን፣ ልይዝ ብዬ ተሯሯጥኩ። ደፉ ላይ ሳለሁ ነበረኝ። መጽሐፉን ስቀበል ጠፋኝ።

የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ዶክተሩ በእጁ «ቃሌን ጠብቄያለሁ» ብሎ ፈርሟል። የምስጋናውን ገጽ ገለጥኩ። ባለቤቱ አለች፣ የአምስተኛ ክፍል መምህሩ አለ፣ ጉልበቱን ያከመው ወጌሻ አለ፣ አቶ ቸርነትም አለ። እኔ የለሁም። አንድ ጊዜ እንደገና አነበብኩት፤ በጣቴ እየነካሁ።

«እዚያ አይደለም» አለ አቶ ቸርነት። «ጀርባውን ይገልብጡት።»

ገለበጥኩት። ዶክተሩ አዋቂ መስሎ፣ ግማሽ ፊቱ በመስኮት ብርሃን ተነክቶ ያየኛል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ፎቶ፦ አየናቸው ብሩ» ይላል።

«ራሳቸው ናቸው ያስገቡት» አለ አቶ ቸርነት ደስ ብሎት። «ሌንሱ የእሱ ስለሆነ ፎቶውም የእሱ ነው፣ ስሙ ይግባለት አሉ።»

ዶክተሩን ላዋርደው ስልኬን አነሳሁ። ቁጥሩን ሳልነካ ጠራ። ትርንጎ ነበረች።

«ጋሽ አየናቸው፣ አሁን መጽሐፍ መደብር ነኝ። የዶክተሩ መጽሐፍ ወጥቶ አየሁት። እንኳን ደስ አለዎት፣ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ነዎት።»

አፌን ከፈትኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለች። «ያንን ፎቶ ማን ነው ያነሳው?»

«ሌንሱ የኔ ነው» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«እሺ ጋሼ» አለች። «እርስዎ ካሉ።»