ብረት አስወጋጁ ኮሚቴ

በቤታችን ሳሎን ትውልድ የማይረሳው ገድል ስለተፈጸመ፣ ይህን የምጽፈው እጄን ታጥቤ ነው።

አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ዘንድሮ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ነገርም ይረሱ ጀመር። ሐኪሟ መርምራቸው እንዲህ አለች፦ «በአንጎል ሴሎች ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን የኃይል ማመንጫዎች አሉ። እዚያ ብረት ከልኩ በላይ ተከማችቷል። ይህ ክኒን ገና በሙከራ ላይ ነው፤ ትርፉን ቀስ እያለ እንዲያወጣ ነው የሚታሰበው። አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘለል፣ ይብስባቸዋል።»

ክቡር አጎቴ ከዚህ ሁሉ ንግግር «ብረት» የምትለዋን ብቻ ይዘው ወጡ።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ፦ አጎቴ። አባል፦ ሚስታቸው፣ እምቢ ማለት ስለማትችል። ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ እኔ፣ ጽሑፌ ስለሚነበብ።

«ብረት ከዚህ ቤት ተጠራርጎ ይወጣል!» አሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። የጠረጴዛው እግር ብረት ኖሮ ቀድሞ የወጣው እሱ ሆነ። ወንበሮቹ ተከተሉት። ድስት ወጣ፣ አልጋ ወጣ። በመጨረሻ የአያቴ የመሣሪያ ሣጥን ተነሣ።

«ኧረ ተው ልጄ፣ ሣጥኑ ውስጥ መድኃኒቴ...»

«አባባ፣ አይጨነቁ። ኮሚቴው እያሰበልዎት ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «መዝግቢ! ታማሚው ስለ ሣጥን መቀባጠር ጀምረዋል።»

መዘገብኩ። ቃለ ጉባኤ ያዥ አስተያየት አይሰጥም።

ደጅ የተከመረውን ሁሉ የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ጭኖ ሄደ። በማግስቱ አጎቴ ትልቅ ማግኔት አምጥተው በአያቴ ጭንቅላት ዙሪያ ጠዋትና ከሰዓት ያዞሩ ጀመር። እስካሁን የተገኘ ውጤት፦ አንድ የፀጉር መርፌ። እሱም የሚስታቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን እማዬ ከሥራ ጉዞ ተመለሰች።

«አባባ ክኒናቸውን ወስደዋል?»

አጎቴ ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው እኔን አየች። እኔ ቃለ ጉባኤውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። እማዬ መቀመጫ ፈልጋ ስታጣ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

አያቴ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ክኒኑን ከካፖርታቸው ኪስ አወጡ። «ሣጥኑ ደጅ ላይ ሳለ ሄጄ አወጣሁት። አንድም ቀን አልዘለልኩም።»

አጎቴ ከደስታ ብዛት ዘለሉ። «አስታወሱ! ማግኔቱ ሠራ! መዝግቢ!»

«አዎ፣ መዝግቢ የኔ ልጅ» አሉ አያቴ። «ከነገ ጀምሮ ማግኔቱ በኮሚቴው ሰብሳቢ ጭንቅላት ዙሪያ ይዙር። ውስጡ አንዳች ነገር ከተገኘ እኔን ጥሩኝ።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ቀድማ እጇን ያወጣችው የአጎቴ ሚስት ናት።