ሊቀ ድንጋጤ ሥዩም እና ያልተሳኩለት ጭራቆች

በየከተማው አዋጁ በፈረስ፣ ነገሩ በአህያ የሚመጣ አንድ ሰው አለ። ድግስ ሲጠራችሁ «ሰንጋው ተደርድሯል» ይላል፤ ብትሄዱ ሽሮ ነው። በቅሎ ሲገዛ «እግሯ መሬት አይነካም» ይላል፤ ብታዩአት እውነትም አይነካም፣ በጎኗ ተኝታለች። ይህን ሰው ውሸታም ብትሉት ትበድሉታላችሁ። ውሸታም የሚናገረውን አያምንም፤ ይኸኛው ግን ከሁላችን ቀድሞ የሚያምነው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

የእስቴው ሥዩም ይባላል። በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት አስተምር በነበረበት ዘመን፣ መንገዱ ደርቆ የጭነት መኪና ከደብረ ታቦር መመላለስ ሲጀምር፣ ሥዩምም ከመብራት ሞተሩና ከፊልም ማሳያው ጋር እህል ጫኙ ላይ ተሳፍሮ ከች ይላል። የፍቅር ፊልም አያሳይም። የጦርነት ፊልም አያሳይም። «ለሳቅና ለልቅሶ ሰው ቤቱ ምን አነሰው?» ይላል። «እኔ የማመጣው ድንጋጤ ነው።» ስለዚህ ከተማው ማንንም ሳይጠይቅ ማዕረግ ሰጠው፤ ሊቀ ድንጋጤ ሥዩም ተባለ።

ሊቀ ድንጋጤ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ሲናገር የሚያባብል የሚመስል ሰው ነው። ውሻ ይፈራል። ነጎድጓድ ይፈራል። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን ያዞራል። የገበያ ቀን ግን ከመጋረጃ የተሰፋ ጥቁር ካባውን ደርቦ፣ የቆርቆሮ ጡሩንባውን ይዞ ከእህል ተራ መሐል ሲቆም ሌላ ፍጥረት ይሆናል።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ልብህ የደከመ ቅር! ነፍሰ ጡር ትመለስ! ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ላይ አንድ ወታደር ራሱን ስቶ በውኃ ነው የተነሣው! ኋላ አልተነገረኝም እንዳትል!»

ወታደሩ በየዓመቱ ባለፈው ሳምንት ራሱን ይስታል።

ማሳያው የነጋዴው የአብዱልመጂድ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮቶቹ በጆንያ ይደፈናሉ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዴ ይወጠራል፣ እኛም ባቄላና ገብስ በያዙ ጆንያዎች ላይ እንደረደራለን። ውጭ ጠራራ ፀሐይ፣ ውስጥ መቃብር።

የመጀመሪያው ዓመት ፊልም ከባሕር ወጥቶ ከተማ የሚውጥ ዘንዶ ነው ተባለ። አዋጁን ሰምቶ ንስሐ ገብቶ የመጣ ነበር፤ ጠበል ተረጭቶ የመጣም ነበር። ከስማዳ በቅሎ ሊሸጥ የወጣው አያ ጓዴ «ዱላህን ደጅ አስቀምጥ» ቢባል «ዘንዶው ቢመጣ በምን ልመታው ነው?» ብሎ ይዞ ገባ። ሞተሩ ተንደቀደቀ። አቡጀዴው በራ። ባሕሩ ተናወጠ፣ ዘንዶውም ብቅ አለ።

አንገታችንን አሰገግን።

«እንሽላሊት ነው» አለ አያ ጓዴ።

እውነትም እንሽላሊት ነበር። ጀርባው ላይ የወረቀት ቀንድ ለጥፈውበታል። ከተማው የክብሪት ቀፎ የሚያካክል ቤት ነው። ባሕሩ ሳፋ ነው፤ የሳፋው ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንሽላሊቱም ከተማውን መዋጡን ትቶ፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ሆዱን ዘርግቶ ተኛ። አፋችን ተከፍቶ ቀረ። ሰው ይህን ሠርቶ፣ ባሕር አሻግሮ፣ መኪና አስጭኖ እስቴ ድረስ ይልካል? አብዱልመጂድ ጺሙን ይዞ «አውሮፕላን ሠራ የሚባለው ፈረንጅ ይኸው ነው?» አለ።

ስንወጣ ሊቀ ድንጋጤ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑ እየበራ፣ ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቃል። «ደነገጣችሁ? ደነገጣችሁ?»

«ምን ጥያቄ አለው አቶ ሥዩም፣ ደነገጥን እንጂ» አለች ጠጅ ቤት ያላት ታደለች። ምላሷን ዳኛም ይፈራው ነበር። «ምስኪን እንሽላሊት! ማን ይሆን እንዲህ የሚያንገላታው?»

በሁለተኛው ዓመት አዋጁ ባሰ። «ዘንድሮ ጭራቁ ከአቡጀዴው ወጥቶ ጭናችሁ ላይ ይቀመጣል!» አለ። ለዚህ ሲባል የወረቀት መነጽር ታደለን፤ አንዱ ዓይን ቀይ፣ አንዱ ዓይን ሰማያዊ። መነጽሩ ለሁሉም ስላልበቃ እኔና አያ ጓዴ አንዱን መሐል ለመሐል ቀድደን ዓይን ተካፈልን። እኔ ቀይ ጭራቅ አየሁ፣ እሱ ሰማያዊ።

«የኔው ብርድ ሳይመታው አልቀረም» አለኝ አያ ጓዴ።

አብዱልመጂድ መነጽሩን ባደረገ በጥቂት ጊዜ ራሱ ዞረ። «ወላሂ መጋዘኔ እየተንሳፈፈ ነው» እያለ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ወጣ። ጭራቁ ግን ከአቡጀዴው አልወጣም። ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው ነበር፤ ሴቲቱን ሊያንቃት እጁን ሲዘረጋ ክንዱ ላይ የእጅ ሰዓት አብረቀረቀ።

«ስንት ሰዓት ሆነ በሉት፤ ጥጆች የማስገባበት እንዳያልፈኝ» አለች ታደለች።

ደጃፉ ላይ ሊቀ ድንጋጤ ነበር። «ደነገጣችሁ?»

ሰው እንዴት ተስፋ አይቆርጥም? ስንስቅበት እሱም አብሮን ፈገግ ይላል፤ ግን በፈገግታው ውስጥ ሒሳብ እየሠራ ነው። የት ላይ እንደተሳሳተ ያስባል። ለሚቀጥለው ዓመት።

የሚቀጥለው ዓመትም ደረሰ። «ፊልሙን ተዉት!» አለ በጡሩንባው። «ዘንድሮ ሙቱ ራሱ በላያችሁ ይበራል!»

ሙቱን የሠራው በገዛ እጁ ነው። ከሸንበቆ አጥንት ቆራርጦ፣ በሽቦ አያይዞ፣ ኖራ ቀብቶ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሶታል። ከአቡጀዴው በላይ ካለው አግዳሚ እስከ ኋላው ግድግዳ ሽቦ ዘርግቶ፣ በፊልሙ ውስጥ መቃብሩ ሲከፈት ሙቱን በገመድ ሊስበው ነው አሳቡ። መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። ለመፍራት የመጣ ግን አልነበረም፤ ሁላችንም የመጣነው የዘንድሮውን ጉድ ለማየት ነው።

መቃብሩ ተከፈተ። ሙቱ ከጨለማው ሲጢጥ እያለ ወጣና ጥቂት ተጉዞ ቀጥ አለ። ትክክል ከታደለች ራስ በላይ ነው። እዚያው ቀስ ብሎ ይሽከረከር ጀመር፤ ቀጥሎም መንጋጋው ተነቅሎ ጭኗ ላይ ዱብ አለ።

ታደለች አንሥታ አገላበጠችው። «አቶ ሥዩም» አለች በታላቅ አክብሮት፣ «የወደቀብዎ ነገር አለ።»

ጣሪያው እስኪነሣ ሳቅን። ሊቀ ድንጋጤ ካባውን እየጎተተ በሰው መሐል አለፈና ከግድግዳው ጥግ የተቆለለው ጆንያ ላይ ይወጣ ጀመር። «ይቅርታ» ይላል እየወጣ፤ «ጥቂት ታገሡኝ፤ አሁን ያስፈራል፤ ጥቂት ብቻ።» ከላይኛው ጆንያ ላይ ቆሞ አግዳሚውን በአንድ እጁ ያዘ፤ በሌላው ሙቱን ለመሳብ ተንጠራራ። ጆንያው ከሥሩ ተንሸራተተ።

ከነሙቱ መጣ። ካባው እንደ አሞራ ክንፍ ተዘርግቶ ነበር። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እርጥብ ግንድ መሬት ሲመታ እንደሚሰማው ያለ ነው።

እኛም አጨበጨብን።

አዎ፣ አጨበጨብን። አያ ጓዴ ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ «እሰይ! ይኸ ነው እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ እልልታ ተሰማ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዩም ልባችንን ስንጥቅ አድርጎልን ነበርና ሁላችንም ረካን። አቡጀዴው ላይ ሙታኑ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ሥዩም መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ እኛ እናጨበጭባለን።

ታደለች በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችው። «በሉ እንግዲህ ይነሡ አቶ ሥዩም፣ ገብቶናል።»

አልተነሣም።

«አቶ ሥዩም።» ጎንበስ አለች። ወዲያው ድምፅዋ ሌላ ሆነ። «አንተ ሥዩም! ሥዩም ተነሣ! ኧረ ደም ነው! ኧረ በማርያም!»

ጭብጨባው በአንድ ጊዜ አልቆመም። ከፊት ያለው ሲያቆም ከኋላ ያለው ቀጠለ፤ ከዚያ እየሳሳ ሄዶ አንድ ሰው ብቻ ሲያጨበጭብ ተሰማ፤ ከዚያ እሱም ተወ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ደንግጬ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እንደማላውቅ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አያ ጓዴ የእኔን ጋቢ በጡጫው ጨምድዶ ይዟል። አብዱልመጂድ የታደለችን ክንድ ይዟል፤ እሷም እሱን። ሁላችንም አንዳችን ካንዳችን ተጣብቀን ሐውልት ሆንን።

መጀመሪያ የነቃችው ታደለች ናት። ሄዳ አቡጀዴውን ከግድግዳው ላይ ገሽልጣ አወረደችው፤ በጥርሷ ሸረከተችው፤ የሥዩምን ራስ ጥምጥም አድርጋ አሰረችው። ሞተሩን ማጥፋት የሚያውቅ ከሥዩም በቀር ማንም አልነበረም። ስለዚህ ፊልሙ መሄዱን አላቋረጠም፤ አቡጀዴ ስላልነበረ ሙታኑ በጭቃው ግድግዳ፣ በጆንያው፣ ተሸክመነው በምንወጣው በእኛ ጀርባ ላይ ይራመዱ ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቁስሉን ሰፋው፤ ዳሌውን ዳበሰው፤ ፊቱ አልፈታም። «ከነቃ ደኅና ነው» አለ። ካልነቃስ የሚል አልተገኘም። አብዱልመጂድ ቤቱ አስተኛው። አያ ጓዴ በቅሎውን ሳይሸጥ፣ ወደ ስማዳም ሳይመለስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ታደለች ጠጅ ቤቷን ዘግታ ከራስጌው አልተነሣችም። በማግሥቱ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እኔም ልጠይቀው ገብቼ ቆሜ ሳለሁ፣ ሥዩም ዓይኑን ገለጠ። ጣሪያውን አየ። እኛን አየ። ከንፈሩን አራሰና፣

«ደነገጣችሁ?» አለ።

ታደለች በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። «ያስደንግጥህ!» አለች። «አዎ ደነገጥን! ልባችንን አጠፋኸው! ደስ አለህ?»

«ሁላችሁም?»

«እኔ እንኳ ያን ያህልም...» ብሎ አያ ጓዴ ጀመረና የታደለችን ዓይን ሲያይ «ሁላችንም» አለ።

ሥዩም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ያኔ ነው ያልጠየቅነውን የነገረን። ጎልማሳ ሳለ ጎንደር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲኒማ ቤት ገባ። የሚያስፈራ ፊልም ነበር። ከጎኑ የተቀመጠች የማያውቃት ልጅ ደንግጣ ክንዱን ጨበጠችው። ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራም አልለቀቀችውም፤ መያዟን ረስታለች። ዓለምጸሐይ ትባላለች። አገባት። ዓመትም አልሞላቸው፣ በወሊድ ሞተችበት።

«ሰው ሲደነግጥ አጠገቡ ያለውን ይይዛል» አለ ዓይኑን ከጣሪያው ሳያነሣ። «ዘመድ ነህ ባዳ ነህ አይልም። እሷን የሰጠኝ ያ ነው። አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው የምዞረው። እናንተ ግን እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ ትስቃላችሁ።»

«አቶ ሥዩም» አልሁት፣ «ትናንት ዓይንዎ ተገልጦ ቢሆን ኖሮ አይተውን ነበር።»

ዳሌው ሲድን እግሩ አጠረ። በዱላ የሚሄድ ሊቀ ድንጋጤ በሚቀጥለው በጋ አይመጣም ብለን ነበር፤ መጣ። ቤት የሚያህል ሸረሪት ይዞ። አዋጁን ሲያሰማ ማንም አልሳቀም። ከመግባታችን በፊት ታደለች ደጃፉ ላይ ሰበሰበችንና «የሳቀ ከጠጅ ቤቴ እንዳይደርስ!» አለች። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ሸረሪቷ አቡጀዴው ላይ ወጣች። ከመወልወያ ጨርቅ የተሠራች፣ ከሥሯ ጎማ የሚታይ ጉድ ናት። እኛ ግን ጮኽን! አያ ጓዴ «ኧረ ወገን ድረሱልኝ!» አለ። እኔ፣ የመንግሥት አስተማሪ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ተንቀጠቀጥሁ። አብዱልመጂድ ከጆንያው ላይ ተንከባልሎ ወደቀ፤ ትንሽ አበዛው።

ፊልሙ ቀጥ አለ። ሥዩም እያነከሰ ሄዶ ከአንዱ መስኮት ጆንያውን ገፈፈው፤ የቀን ብርሃን ፊታችን ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆናችኋል?»

«ደነገጥን ነዋ!» አለች ታደለች።

«እነዚያን ሁሉ ዓመታት ስትስቁብኝ አልከፋኝም» አለ ሥዩም። «ዛሬ ግን ከፋኝ። ለምስኪን ነው እንዲህ የሚደረገው። ምስኪን ነኝ እንዴ?»

የምንገባበት ጠፋን። ሁላችንም ወደ ታደለች አየን። ታደለች ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንግዲያውስ እውነቱን ልንገርዎ አቶ ሥዩም» አለች። «ይች ሸረሪት ጎማ አላት። ደግሞ የኋላው ተንፍሷል።»

ሥዩም ዞሮ አቡጀዴው ላይ ደርቃ የቆመችውን ሸረሪት አተኩሮ አያት። ከንፈሩ መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ ቀጥሎም በሌላው ተነሣ። ወዲያው ከዚያ ቀጭን ደረት ይወጣል ብዬ ያልጠበቅሁት ሳቅ ወጣ። መጋዘኑ ተከተለው። አያ ጓዴ ከሳቁ ብዛት ትከሻዬ ላይ ተደፋ፤ አብዱልመጂድ ከወደቀበት ሊነሣ የእኔን ጉልበት ያዘ፤ ታደለች ደግሞ እንባዋን የምትጠርግበት ብታጣ የሥዩምን ካባ ጫፍ ሳበች።

ሥዩም በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ሳቁን አቆመ። አንድ በአንድ አየን፤ አያ ጓዴ የተደፋበትን ትከሻዬን፣ አብዱልመጂድ የያዘውን ጉልበቴን፣ ታደለች የጨበጠችውን የካባውን ጫፍ። ካባውን ከታደለች እጅ ሳያስለቅቅ፣ እሷኑ አስከትሎ ወደ መስኮቱ ሄደና ፊልሙ እንዲቀጥል በጆንያው መልሶ ጋረደው።