በሎሚ የታጠበው መዳብ

ሰው ሲያረጅ ይቀልላል፤ ዕቃ ሲያረጅ ይከብዳል። ይህን የምለው ከምሬት አይደለም፣ ከቆጠራ ነው። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ከቤቴ እስከ ደብራችን በር አምስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ድሮ አራት መቶ ስልሳ ነበር፣ መንገዱ ግን አልረዘመም። በዚህ ሁሉ እርምጃ ላይ አስቁሞ "ምን ታውቃለህ?" ያለኝ ሰው የለም። አምና የጣልሁትን የዛገ ፋኖስ ግን አንድ ጎረምሳ አንስቶ አዘዞ ላይ በከፈተው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እንግዶች ከጎኑ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ፋኖሱ አይበራም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የማይነበብ ነገር በክርክር አይሸነፍም፤ ጽሑፉ የጠፋ ድንጋይ ላይ ሁሉም የልቡን ያነባል። እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም።

እኛ ደብር የተገኘው መዳብ ነው። ቤተልሔሟ፣ የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅባት ቤት ማለቴ ነው፣ መሠረቷ ሲታደስ ከማዕዘኑ ድንጋይ ሥር አንድ ገንዘብ ወጣ። ክብ ነው፤ ጠቁሯል። ከዚህ በላይ ምሎ የሚናገርለት አልነበረም። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ጥላሁን ግን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩትና "ራስ ይታየኛል። አፄ ፋሲል ናቸው" አሉ።

መምሬን አርባ ዓመት አውቃቸዋለሁ። መዋሸት አያውቁም፤ የሚያውቁት መቸኮል ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆመው፣ ደብራችን በፋሲል ዘመን መተከሉ ተመሰከረ፣ እንግዲህ ለከተራ ወደ ቀሐ ወንዝ ስንወርድ ታቦታችን ከማዶው ደብር ቀድሞ ይሄዳል አሉ። በዚህም አላበቁም። "ይህ ሐሰት ቢሆን እኔ ከዚህ ሹመት እወርዳለሁ!"

ታቦታት የሚሄዱት በዕድሜ ተራ ነው፤ የማዶው ደብር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ፊታችን ነው። ጎንደር ውስጥ በብዙ ነገር ይቀለዳል፤ በተራ አይቀለድም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማዶኞቹ በማግሥቱ "ቅዳሜ መጥተን እናያለን" ብለው ላኩ።

"አያ ካሳ፣ ምነው ዝም አልህ?" አሉኝ መምሬ።

"ልመዝነው።"

"ንጉሥ ይመዘናል?"

"መዳብ ይመዘናል።"

ገበያው ጥግ ወዳለ አንጥረኛ ወሰድሁት። ዘጠኝ ግራም ከሩብ። ማግኔት አልሳበውም። አንጥረኛው በማጉያ መነጽሩ አገላብጦ ካየ በኋላ "ፊት አለው፤ የማን እንደሆነ እንጃ። እንዳታጥቡት፣ ቅርጹን የያዘው ጥቁረቱ ነው" አለኝ። ይህን ለመምሬ ነገርሁ። መምሬ ለንዋየ ቅድሳት ጠባቂው ለዕቃ ቤቱ አልነገሩም።

ዕቃ ቤታችን አያ ደሴ በዓል በመጣ ቁጥር መስቀሉን፣ ጽናውን፣ ቃጭሉን በአመድና በሎሚ ሲያሽ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። ሐሙስ ዕለት መዳቡንም ጨመረበት። ዓርብ ስደርስ እንደ አዲስ ቁልፍ ያብረቀርቃል። ራስ የለ፣ አንገት የለ።

"ምን አደረግኸው?" አልሁት።

"ንጉሥ ጥቀርሻ ለብሶ ለእንግዳ ሊቀርብ ኖሯል?" አለኝ ተቆጥቶ። "ደግሞ እጣቢውን ሰው በማይረግጠው ቦታ ነው የደፋሁት።"

መልሼ መዘንሁት፤ ስምንት ከሦስት ሩብ። ግማሽ ግራም ንጉሥ ከእጣቢው ጋር ፈሷል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ በሎሚ ጠራ። ስስ ወረቀት ደረብሁበትና በእርሳስ አሸሁት። በአንድ በኩል ምንም የለም። በሌላው በኩል አንድ ጠቆር ያለ ዘንግ፣ ከጎኑ አንድ ጠቆር ያለ ቀለበት ብቅ አለ። አንድና ዜሮ፣ በፈረንጅ ቁጥር። ወደ አንጥረኛው ስወስደው መሳቢያውን ከፍቶ የመዳቡን ወንድም አወጣልኝ፤ የጣሊያን ዐሥር ሳንቲም ነው፣ ስፋቱ ልክ ለልክ። ነገሩማ ከመነሻውም ግልጽ መሆን ነበረበት፤ የጎንደር ነገሥታት ግንብ ገነቡ እንጂ ገንዘብ አልቀረጹም፤ ገበያው በአሞሌ ጨው ነበር።

ወረቀቱን ወስጄ ለመምሬ ሰጠኋቸው።

"ለስንት ሰው ነገርህ?"

"ከአንጥረኛው ሌላ ለአንድ።"

"ለማን?"

"ለእርስዎ።"

"ነገ ሹመቱን አስረክባለሁ" አሉ።

"ኧረ መምሬ፣ ስህተት እንጂ ውሸት አይደለም እኮ!"

"ሲናገሩት ልዩነቱ ለሰሚው አይታይም" አሉና መቁጠሪያቸውን ያዙ።

ቅዳሜ የማዶው ደብር አስተዳዳሪ አለቃ ወርቅነህ ስድስት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። መምሬ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሳቸው ቀደሙ። "ቸኮላችሁ እንጂ የፋሲል ገንዘብስ እኛ ዘንድ ነው። አባቶቻችን ከንጉሡ እጅ ተቀብለውታል፤ እኛም በጨርቁ ላይ ተሳልመን እንመልሰዋለን እንጂ ገልጠነው አናውቅም።" ከሦስት ሐር ጨርቅ ውስጥ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ከመዳባችን ጎን አኖሩት።

ጎንበስ አልሁ። ሎሚ ያልነካው፣ ሸጋ ገንዘብ ነው። ራሱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጢሙ ከፊቱ ይሰፋል፣ ጫፉ ወደ ላይ ተጠምዝዟል። አፄ ፋሲልን በሥዕል አይቻቸዋለሁ፤ ይህን ጢም አላየሁባቸውም። ገልበጥ ሳደርገው አንድና ዜሮ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

መምሬም አዩ። ማየታቸውን አየሁ። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው፤ ከገንዘቡ ጎን ማኖር ብቻ ነበር የቀራቸው። አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

"የእኛው የጣሊያን ነው" አሉ። "አያ ካሳ መርምሮታል። ሕዝቡን ያሳሳትሁ እኔ ነኝ፤ እንደ ቃሌ ሹመቱን አስረክባለሁ።"

ስለ ማዶው ገንዘብ አንድ ቃል አልወጣቸውም። አለቃ ወርቅነህ የመምሬን መዳብ አዩ፤ የራሳቸውን አዩ፤ ስፋቱ ልክ ለልክ ነው፤ እንደገና የመምሬን አዩ። ከዚያ አንደኛውን ሐር ጠቀለሉ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን።

"ሰው በመዳብ ከሹመቱ አይወርድም። ይቀመጡ፣ መምሬ" አሉ።

"ተራውስ?" አለ ከኋላ አንዱ ሽማግሌ።

"እንደ ድሮው" አሉና ሳል ያዛቸው።

ለከተራ እንደ ድሮው ማዶኞቹ ከሁሉ ፊት፣ እኛ ከኋላቸው ወረድን። ወደ ቀሐ መግቢያ ከጠባቡ መተላለፊያ ስንደርስ ግን ማዶኞቹ ጃንጥላቸውን ወደ ዳር አስጠግተው ቆሙ።

"እለፉ፣ መምሬ" አሉ አለቃ ወርቅነህ።

"ኧረ በጭራሽ! እናንተ ቅደሙ።"

"እለፉ እላለሁ!"

"አይደረግም!"

ኋላችን የነበሩት ሰባት ደብሮች ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ በእልልታ በጎናችን አለፉ። እኛና ማዶኞቹ ስምንተኛና ዘጠነኛ ሆነን ገባን። ማን ስምንተኛ፣ ማን ዘጠነኛ እንደነበረ አልቆጠርሁም።