የአያ ሰጠኝ እሺታ

በጎንደር ደጋ ተወልዶ ሐኪምን «ተሳስተዋል» ያለ በሽተኛ እስከ ዛሬ አልታየም። ካለም ዝናሽ አላገኘችውም። በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆና በሠራችባቸው ዘጠኝ ዓመታት ያስተናገደችው ሁሉ እሺ ባይ ነው። የእሺ ባዮች ሊቀ ሊቃውንት ግን ከትክል ድንጋይ የመጡት አያ ሰጠኝ ናቸው።

አያ ሰጠኝ የማይስማሙበት ነገር የለም። ገና በመጡ ዕለት «አስናቀው» ተብሎ ሲጠራ ተነሥተው ገቡና የአስናቀውን የደም ግፊት መድኃኒት ተቀብለው ወጡ። ዝናሽ ደርሳ ባታስጥላቸው ሊውጡት ነበር። ምነው ብትላቸው፣ ሰው ሲጣራ ዝም ማለት ነውር ሆኖባቸው ነው። የስምምነቱን ወረቀት ልታነብላቸው ስትጀምር ደግሞ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ጠበቋት። ያልገባዎት ነገር አለ ወይ ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሁሉም ሸጋ ነው፤ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ይህች «እናንተ ታውቃላችሁ» ዝናሽን ተስፋ አስቆርጣታለች። ሐኪም የሚያውቀውን ያህል እንደሚሳሳት እሷ ታውቃለች፤ ይህን ለበሽተኛ ማስረዳት ግን አልቻለችም።

አያ ሰጠኝ የመጡት በጠጠር የሞተው ግራ ኩላሊታቸው እንዲወጣላቸው ነው። በሕይወት የሚያቆያቸው የቀኙ ብቻ ነው። በቀዶ ሕክምናው ጠዋት፣ አማርኛን ገና በቅርቡ የለመደ ወጣት ሐኪም መጥቶ የሚወጣው የየትኛው ጎን እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም ለጠዋት ሥራ የሚገባውን ምርቃት ሰጡ፦ «ቀኝ ያውላችሁ፣ ልጆቼ።»

ልጁ «ቀኝ» የምትለዋን ብቻ ይዞ በቀኝ ጎናቸው ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ምልክት አደረገ። አያ ሰጠኝ አመሰገኑ።

ጠረጴዛው ላይ ከተጋደሙ በኋላ ዋናው ሐኪም ምልክቱን አየና «ቀኙ ነው፣ አይደል?» አላቸው።

«እንዳላችሁ» አሉ።

እንዲህ ተጠይቀው ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል? ዝናሽ ግን ሰውዬውን ታውቃቸዋለችና መልሱን አላመነችውም። ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት ጠጋ ብላ፣ ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን የሚያማቸው ቦታ ላይ እንዲያደርጉ ለመነቻቸው። አያ ሰጠኝ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ዋናውን ሐኪም አዩና እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ግራ ጎናቸው ወሰዱት።

የራጅ ፊልሙ እንደገና ብርሃን ላይ ተሰቀለ፤ የሞተው የግራው ነው። ዋናው ሐኪም ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ ምልክቱ ተስተካከለና ሥራው በሰላም አለቀ።

በሁለተኛው ቀን አያ ሰጠኝ ትራስ ተደግፈው ሲቀመጡ ዝናሽ በሆዷ የያዘችውን አወጣችው።

«ምነው አያ ሰጠኝ? ደኅናውን አውጥተን ልንገድልዎ ነበር እኮ። ምልክቱ የት እንደተደረገ አላዩም?»

«አየሁ እንጂ፣ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው። «ያ ልጅ በአለቆቹ ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው።»

ልትቆጣቸው ነበር፤ እንባዋ ቀደማት። ለአንድ ለማያውቁት ልጅ ክብር ሲሉ ሞታቸውን እሺ ያሉ ሰው እንዴት ይቆጧቸዋል? ጋቢያቸውን አስተካክላ፣ ጉልበታቸውን ስማ፣ የነገ የቀዶ ሕክምና ተረኞችን የት እንደሚያማቸው ልትጠይቅ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደች። በክፍሉ ዘጠኝ በሽተኞች ተኝተዋል። ገና አፏን ሳትከፍት ሁሉም ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቁላት ጀመር።