ሙዙ ኤክስ፣ ዘይቱኑ ዋይ

በየሰፈሩ አራስ ቤት ገብቶ «እንኳን ጌታ ረዳሽ» ከማለቱ በፊት «ይሄ ጆሮ ከማን መጣ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፣ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ!

የእኛ የሲቀላ ሰፈር ሰዎች ክቡር የዘር ጉዳዮች ሚኒስትር ጋሽ ፈቃደ ይባላሉ። ከሰሜን ባዮሎጂ ሊያስተምሩ መጥተው እዚሁ ጡረታ ወጡ፤ አፋቸው ግን አልወጣም። ፀጉር ቤት ተቀምጠው ወጣቱን ሁሉ «የአባትህን መላጣ ተወው፣ የእናትህን አባት እይ!» ይላሉ። ለቅሶ ቤት የሟችን ፎቶ አንሥተው «ይሄ አፍንጫ ከማን መጣ?» ብለው ያውቃሉ።

አምና የልጄን የዕድላዊትን ትዳር ሊያፈርሱብኝ ነበር።

ለዳግም ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከላንቴ መንደር መጡ። አጎቱ አቶ ዳልጮ ሙዝና ዘይቱን በቅርጫት ይዘዋል። ጋሽ ፈቃደም በጎረቤትነት ከእኛ ወገን ተቀምጠዋል። ጸሎት ተደረገ። ባለቤቴ ጌታነህ «እሺ» ሊል ሲል አቶ ዳልጮ ጨዋታ ለማድመቅ ብለው «ዳግማችን እኮ ቀይ ከአረንጓዴ አይለይም፤ ቲማቲም ልቀም ሲባል ጥሬውን ይዞ ይመጣል!» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ፈቃደ ግን ዘለው ተነሡ። «በዘር ነው! በዘር የመጣ ነው!»

ወይ ጉዴ! በሽምግልና መሃል «በዘር» ይባላል? በዚህች ቃል ስንት ትዳር ቀርቷል! የጌታነህ ፊት ጠቆረ። «ዘር ካለበትማ…» ሲል ጓዳ ውስጥ ዕድላዊት የያዘችው ብርጭቆ ወደቀ። ጋሽ ፈቃደን በግልምጫ አነሣኋቸው።

ምን ገዷቸው! ቅርጫቱን ጎትተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «ጾታ የሚወስኑት ክሮሞሶሞች እነዚህ ናቸው፤ ሙዙ ኤክስ፣ ዘይቱኑ ዋይ። እናት ሁለት ሙዝ አላት፤ አባት አንድ ሙዝና አንድ ዘይቱን። አባት ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዘይቱኑን ነው። ታዲያ የልጁ ሙዝ ከማን መጣ?»

«ከእናቱ!» አሉ ሽማግሌዎቹ እንደ ተማሪ።

ነጠብጣብ ያለበትን ሙዝ አነሡ። «ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዳግም እናት ሌላ ደህና ሙዝ ስላላት ቀለም ትለያለች፤ ለእሱ የደረሰው ግን ይሄ ብቻ ነው። ወንዶች ልጆቹ ከእሱ ዘይቱን ስለሚወስዱ ይሄ አያገኛቸውም። ሴቶቹ ይወስዱታል፤ የዕድላዊት ደህና ሙዝ ስላለ ግን እነሱም ይለያሉ። ምናልባት ሴቶቹ በሚወልዷቸው ወንዶች ላይ ይወጣል። አሁን ዘይቱኑን… ዘይቱኑ የታለ?»

አቶ ዳልጮ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ዋዩን በሉት!» ጮኹ ጋሽ ፈቃደ። «ሰውዬ፣ ወንድ አስቀሩብን እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጌታነህ እንባውን እየጠረገ «ታዲያ ያመዋል?» አለ።

«ምኑን ያመዋል! ቲማቲም ሲገዛ ሰው ይጠይቃል፣ በቃ።»

«እኔ እመርጥለታለሁ!» አለች ዕድላዊት ከጓዳ። ጉድ በሉ! የምትጠየቀዋ ልጅ ራሷ!

ጌታነህ ነጠብጣባሙን ሙዝ ልጦ ገመጠ። አቶ ዳልጮ «የሚጣፍጠው እኮ እሱ ነው፣ ላንቴ ሁሉ ያውቃል» አሉ።

«እሺ ብለናል» አለ ጌታነህ አፉን ሞልቶ።

በቀደም ዕድላዊት ሴት ልጅ ወለደች። ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ ወጣ፤ ጋሽ ፈቃደ ግን ጉልበታቸውን አሟቸው ቀሩ። ጆሮዋን የሚጠይቅ ጠፋ! በእውነት ከፋኝ። ነጠብጣብ ያለበት ሙዝ ይዤ ቤታቸው ሄድኩና ፎቶዋን በስልኬ አሳየኋቸው።

መነጽራቸውን ጠርገው አዩ፣ አዩ። «ጆሮው የእነ ዳልጮ ነው። አፍንጫው ያንቺ፣ ወርቂቱ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የእኔ ምንም የላትም።»

ልጅ የላቸውም።

«ጋሽ ፈቃደ» አልኳቸው፣ «ይህች ልጅ ሌት ተቀን አፏን አትዘጋም። እስቲ ይሄ ከማን መጣ?»

ሙዙን ሳይቀበሉኝ ከዘራቸውን ፍለጋ ጓዳ ገቡ።