መዳኛው ጀብራ ቀረ

ሆዱን የቆረጠው ሰው ኪኒን ሲውጥ ማንም አይስቅበትም። ልቡ የተሰበረ ሰው ልብ ወለድ ሲያነብ ግን አገሩ ሁሉ ሃያሲ ይሆናል። «አሁን ይሄ ምን ይጠቅምሻል?» ይሉኛል፣ ከስልካቸው ቀና እንኳ ሳይሉ። ምን እንደሚጠቅመኝ ልንገራችሁ። እንዲህ ባሉት መጻሕፍት ውስጥ ልጅቱን መጀመሪያ ላይ ፍቅረኛዋ ይከዳታል፣ መሐል ላይ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ጸጉሯን ተቆርጣ ሐይቅ ያለበት ከተማ ትገባና ትድናለች። እንደምትድን ሽፋኑ ላይ ካለው ሥዕል ያስታውቃል። እንደምትድን እያወቁ አብሯት ማልቀስን የመሰለ ምን ደስታ አለ? የራሳችንን ኑሮ ሽፋን ማን አሳይቶን!

ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥረን የምንሠራ ሦስት የወሎ ልጆች፣ እኔ፣ ዘሐራና ሉባባ፣ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ዕረፍታችንን የምናሳልፈው እዚያ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ማን ይቅደም በሚል እንጣላለን። ስለዚህ መላ ዘየድን። መጽሐፉን ከጀርባው ይዘን ለሦስት እንገነጥለዋለን፣ ሁላችንም ድርሻችንን ይዘን ወደየአሰሪያችን ቤት እንሄዳለን፣ በጁምዓው እንለዋወጣለን። ደራሲው ቢያየን ያለቅስ ነበር። ግን የእሱም ሥራ ማስለቀስ ነውና ይቻለው።

ጀማል በከዳኝ ሰሞን ለእኔ የደረሰኝ መሐለኛው ቁራጭ ነው፤ ልቅሶው። ጀማል ማለት እጮኛዬ የነበረ፣ የራሷ ምግብ ቤት ያላት ሴት ሲያገኝ ግን ዓይኔን የት እንዳየው የጠፋው ሰው ነው። መዳኛው፣ የመጨረሻው ቁራጭ ደግሞ ከከተማው ማዶ ጀብራ ለምትሠራው፣ ልቧ አንድ ቀን እንኳ ተጭሮ ለማያውቀው ለሉባባ ደረሰ። እጣ እንዲህ ናት፤ መድኃኒቱን ለጤነኛ ትሰጣለች። ለሳምንት አይደል ብዬ ልቅሶዬን ይዤ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት፣ ሕዝቡ ያባረረው አገዛዝ ሊመለስ ነው ተብሎ አድማ ተመታ፤ ከተማው ተናወጠ። ኔትወርክ ጠፋ፣ መንገዱ ሁሉ በድንጋይና በጎማ ታጠረ፣ የሰው ልጅ በጥይት እየወደቀ የእናቶች ልቅሶ ከየግቢው ይሰማ ጀመር። የእኔ ሐዘን ከእነሱ ፊት ሐዘን ተብሎ መጠራቱ ያሳፍረኝ ነበር፤ ቢሆንም አልለቀቀኝም። ጁምዓ መጣ፣ ሄደ፤ ሉባባን አሰሪዎቿ አላስወጣ አሏት። እኔም ያንኑ ልቅሶ እየደጋገምኩ አነበብኩ። ልጅቱ መስኮቱ ሥር ቁጭ እንዳለች ናት፣ እኔም እንደዚያው። በመጨረሻው መስመር ላይ የከዳት ሰውዬ መጥቶ በሯን ያንኳኳል። ትክፈት አትክፈት፣ ጀብራ ነው ያለው።

ይሄኔ የእኔም በር ተንኳኳ። የሴትዮዋ ምግብ ቤት በአድማው ሲዘጋ ጀማል ትዝ አልኩት። በዘሐራ በኩል መልእክት ላከ፤ በሚመጣው ጁምዓ ከሰዓት በኋላ፣ አሱር ሶላት እንዳለቀ፣ ሽማግሌ ይዞ ጀሪፍ ይመጣል፣ እሺ ካልኩ ኒካው ይታሰራል፣ እምቢ ካልኩ ዳግመኛ ደጄን አይረግጥም። ዘሐራ እሺ በይ አለችኝ። የሰው አገር ነው፣ ነገ የሚመጣው አይታወቅም፣ ወንድ ከጎን ሲኖር ይሻላል ትላለች። እኔም ልቤ ይዋልል ነበር፤ እወደው ነበራ! አንድ ነገር ላይ ግን ቆረጥኩ። የልጅቱን መጨረሻ ሳላነብ መልስ አልሰጥም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወረቀት የያዝኩ ሞኝ ነበርኩ።

ጁምዓ በጠዋት፣ ከአሱር በፊት እመለሳለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሪክሻ የለም፣ አውቶቡስ የለም፤ ያለው እግር ነው። ድንጋዩን እየዘለልኩ፣ ከጭሱ አፍንጫዬን በሻሼ እየሸፈንኩ ስሄድ አንዱ አጥር ጋ ፊቷን የተሸፋፈነች ተማሪ አስቆመችኝና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። የመጽሐፍ መጨረሻ ላመጣ ነው አልኳት። ብዋሽ ኖሮ የተሻለ ውሸት እንደምመርጥ ገባት መሰለኝ፣ ታሪኩን ጠየቀችኝ። በዚያች የወጥ ቤት ዓረብኛዬ ተረኩላት። ጓደኞቿም ጎማቸውን ትተው ከበቡኝ። አንዱ ወጣት ሰውዬው ዕድል ይሰጠው ሲል ሌሎቹ በጩኸት አስቀመጡት። ተማሪዋ ክንዴን ይዛ፣

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ያባረርነውን መልሰን ልናነግሥ ነው እንዴ እዚህ ፀሐይ ላይ የቆምነው?» አለችኝ። ከዚያ ድንጋዩን አንስታ አሳለፈችኝ።

ጀብራ ስደርስ ሉባባ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ቁራጩን ተቀብዬ እዚያው ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ልጅቱ በሩን አልከፈተችም፤ እሰይ! ግን ምን ዋጋ አለው? ወዲያው የሐይቁ ከተማ ሐኪም መጣና አገባት። ከአንድ ወንድ ለመዳን ሌላ ወንድ ማዘዝ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ዳቦ ቤት ከፍታ የለም ወይ? እኔ ዳቦ ቤቷ ይበቃታል ስል፣ ሉባባ ዳቦ ቤት ሌሊት እግር አያሞቅም ብላ ተሟገተችኝ። ወላሂ፣ ሐኪሙን ለልጅቱ ታናሽ እህት ዳርነው፣ እህቲቱ ሕፃን መሆኗን ስናስታውስ ፈታነው፣ ለዳቦ ቤቷ ተላላኪ አድርገን ቀጠርነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ቀና ስንል ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እየተባለ ነው። ሉባባ በጨለማ አትሄጂም ብላ አሳደረችኝ።

በማግስቱ ዘሐራ ጀሪፍ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጀማል ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ያን ሁሉ አጥር ዘሎ መጥቶ ነበር። ጠበቁ፣ ጠበቁ። ከተማውን በእግሬ አቋርጬ ጀብራ መሄዴን ዘሐራ ስትነግራቸው ትልቁ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሱና፣

«ልጄ፣ በዕድሜዬ ብዙ እምቢታ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። በል እንሂድ» አሉት።

ወሬው በጁምዓው ጀሪፍን አዳረሰ። ዛሬ ልቧ የተሰበረ ሴት ሁሉ እኔ ጋ ትመጣለች፤ እንዲያ ያለ ቁርጠኝነት ከየት እንደሚመጣ ትጠይቀኛለች። እኔም ፊቴን አኮሳትሬ፣ መጨከን ነው እህቴ፣ እያልኩ እመክራለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ጀማልን እምቢ አላልኩትም፤ ረስቼው ነው።