የጋሽ ታደለ ቅኝት

ክራር ያለው ሁሉ የሚጫወት ይመስላችኋል? እንግዲያው ጎረቤቴን ጋሽ ታደለን አታውቋቸውም። እሳቸው መቃኘት እንጂ መጫወት አያውቁም ነበር።

እኛ ሚዛን ከተማ ዝናቡ መቼ ያባራል? እርጥበቱ ጅማቱን ያላላዋል። ጋሽ ታደለ ከቡና መጋዘኑ ሲመለሱ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ያጠብቁታል፤ ነካ ያደርጉና ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር አጠገባቸው በርጩማ ላይ ቡና እየለቀሙ፣ «ታዴ፣ አንዷን እንኳ ተጫወትልኝ» ይላሉ።

«ቆዪ እንጂ! ሳይቃኝ ይዘፈናል እንዴ?»

እትዬ አስቴርም ይቆያሉ። ምን ያድርጉ? እኛ ጎረቤቶች እንኳ ዘፈን ሲያምረን ካሴት እንከፍት ነበር፤ እትዬ አስቴር ግን «የኔ ባል ሊጫወት ነው» እያሉ በዚያው አረጁ።

ባለፈው ክረምት አረፉ። በሰልስቱ፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ፣ ጋሽ ታደለ ክራሩን ከግድግዳ አውርደው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ልቅሶ ቤት ክራር! ነውር ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር? ጅማቱ ረግቧል። «አሁን ደግሞ ሊቃኙ ነው» ብለን ተያየን።

አልቃኙም። እንደረገበ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ተጫወቱ። እንደዚያ የተበላሸ ዜማ ሰምቼ አላውቅም።

ሲጨርሱ ወደ ባዶው በርጩማ ዞረው፣ «ሳይቃኝ ሲዘፈን እንዲህ ነው እንግዲህ» አሉ።